ዱባ እሳት አይደለም

ሴትዮዋ ጀሶ የታሰረ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ አልጋዋን መስኮት ሥር አስጠግታ ተኝታለች። ደሟ ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደ ፈላ ነው። ያፈላው የእግሯ ሕመም አይደለም፤ እሱንስ ለምዳዋለች። ደሟን ያፈላው ከመስኮቱ ወዲያ፣ ጓሮዋ መካከል፣ እግሩን አንፈራጦ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ የውሃ ቱቦ እንደ ጠመንጃ ደግኖ የቆመው ባሏ ነው።

ቀትር ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጠዋት እንደ ጃንጥላ ተዘርግተው ያየቻቸው የዱባ ቅጠሎች አሁን ተሸብሽበው፣ ጫፋቸውን ወደ መሬት ጥለው፣ ከገመድ ላይ የወደቀ ልብስ መስለዋል። ባልየው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ ይህን አየና ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ሲነሣ ወንበሩ ወደቀ። እሱ ዞር ብሎም አላየው።

«ተወው!» ብላ ጮኸች። «ተወው አልኩህ! ሲመሽ ራሱ ይነሣል!»

«እየሞተ እኮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!»

«አልሞተም! ፀሐይ ሸሽቶ ነው። አንተ ፀሐይ ሲያቃጥልህ ጥላ አትፈልግም?»

«ተኝተሽ ምን ይታይሻል!»

«ተኝቼ የታየኝ ለአንተ ቆመህም አልታየህ!»

ባልየው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የውሃ መግፊያ ሞተሩን አስነሣ። ሞተሩ ሲያጓራ ውሃው ከቱቦው የነሐስ አፍ እየተምዘገዘገ ወጣና ቅጠሎቹን ከላይ ደበደባቸው። ቢጫዎቹ አበቦች ከነእንቡጣቸው ተቀንጥሰው ወደቁ። ጭቃው እስከ መስኮቱ መስታወት ድረስ ተረጨ። ሴትዮዋ ክራንቿን አንሥታ የመስኮቱን ደፍ ደበደበችው።

«ዱባ እኮ ነው! ዱባ እሳት አይደለም!»

ማን ይስማት? ሞተሩ ያጓራል።

ባልየውን ሰፈሩ በሙሉ «እሳት አደጋው» ይለዋል። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም። ዕድሜውን በሙሉ ደወል ሲጮህ እየሮጠ፣ ቀይ መኪና ላይ እየተንጠለጠለ የኖረ ሰው ነው። በእሱ ሕይወት ውሃ ሁለት ጠባይ ብቻ ነበረው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙ ይፈስሳል። የዘገየ ውሃና ያነሰ ውሃ ቤት ያስበላል። በዚህ ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ የስንቱን ቤትና የስንቱን ነፍስ አትርፏል። ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ ከአገልግሎት የተመለሰ የሸራ ቱቦ ከነነሐስ አፉ ሸለሙት። ሌላ ሰው ቢሆን ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ነበር። እሱ ግን ሞተር ገዝቶ፣ መገጣጠሚያ አበጅቶ፣ ቱቦውን ጓሮ ውስጥ እንደገና ሥራ አስጀመረው።

ሚስቱን ደግሞ «ተኳሿ» ይሏታል። በአንድ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ዕድሜዋን ልብስ ስትተኩስ ኖራለች። ከእሷ ጋር ተጣልተው የተሸነፉ ሰዎች ግን ስሙ የወጣላት ለካውያዋ ሳይሆን ለምላሷ ነው ይላሉ። እሷም አትክድም። «ሲመጡብኝ ነው እንጂ መቼ ቀድሜ ተኩሼ አውቃለሁ?» ትላለች።

የተኩሱ ክፍል ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣ ነበር። ገና በተቀጠረች ሰሞን የክፍሉ ኃላፊ የነበረች አንዲት ቆፍጣና ሴትዮ፣ «ልጄ፣ ጨርቅ ሁሉ እኩል አይጠጣም» አለቻት። «ሳትነኪው ውሃ አትርጪበት። ያነሰው ይቃጠላል፣ የበዛበት ይሻግታል።» ተኳሿ ይህን ነገር ከልቧ ያዘችው። ሸሚዝ ሆነ አንሶላ፣ በጣቷ ሳትዳስስ ውሃ አትረጭም ነበር።

ጓሮዋም የገባችው በዚሁ ጠባይ ነው። ዱባ ከማጠጣቷ በፊት ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትሰዳለች። ታችኛው አፈር ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ ከሆነ ትተወዋለች። ከደረቀ ግን በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋ በቆፈረችው ክብ ቦይ ውስጥ ቀስ እያለች፣ መሬቱ እየዋጠ እስኪጠግብ ታጠጣዋለች። ከዚያ በኋላ አፈሩ ራሱ እስኪጠይቃት ድረስ ዞር ብላም አታየው። «ዱባ አንዴ ደህና አድርጎ ጠጥቶ የሚሰነብት ነው፤ በየሰዓቱ አፉን እያረጠቡ አያታልሉትም» ትላለች። ግንዱ ላይ አታፈስስም፣ ቅጠሉ ላይ ጠብታ አታስነካም። አበባው ተከፍቶ ንቦቹ በሚገቡበት ሰዓት ደግሞ እንግዳ ያለባት ይመስል ድምፅ አጥፍታ ነበር የምትሄደው።

ዱባው የእናቷ ዘር ነው። ከቤት የወጣች ዕለት እናቷ በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ ያስያዘቻት እሱን ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚሰጥ አልነበራትም። ቆዳው አመድማ፣ ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል፣ ሲበስል የማይፈራርስ ዱባ ነው። ገበያ ላይ መሳዩን አላየችም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስትተክልና ዘሩን እያደረቀች በጣሳ ስታስቀምጥ ኖረች። አምና ግን አይጥ የጣሳውን ክዳን ገፍታ ገብታ ፈጀችው። የተረፈው እፍኝ እንኳ አይሞላም ነበር። ተኳሿ አንዷንም ሳታስቀር ሁሉንም ተከለችው። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ፍሬ እንኳ ካልበሰለ የእናቷ ዘር አለቀ ማለት ነው። ከማንም ተበድራ የማትተካው ነገር ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ትዳራቸውን ከመጀመሪያው የመራው ደወል ነው። ደወል ሲጮህ ባልየው የጎረሰውን ሳይውጥ ይሮጣል። ልጃቸው የተወለደች ዕለት እሱ የሚቃጠል መጋዘን ጣሪያ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ «ጀግና ነው» አለ። እሷም «አዎ፣ ጀግና ነው» አለች። ምን ትበል? እሳት ከሚያጠፋ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ላውንደሪው ውስጥም አለቃ ያዛል፤ ቤት ስትመጣም ደወል ያዛል። ማንም የማያዛት፣ «ይህን እዚህ፣ ያንን እዚያ» የምትልባት ያቺ ጓሮ ብቻ ነበረች። ባልየው ጡረታ ወጥቶ ደወሉ ሲቀርበት ዞሮ ዞሮ ጓሮዋ ውስጥ ገባ። ከነቱቦው።

እግሯም የተሰበረው በዚያው ቱቦ ነው። አንድ ቀን ጠዋት «ደጃፉን ላጽዳው» ብሎ የበሩን ደረጃ በውሃ አጥለቀለቀው። እሷ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዛ ስትወጣ እግሯ ተንሸራተተና ከነሳፋዋ ተንከባለለች። እሱ ቱቦውን ጥሎ፣ በክንዱ አፍሶ፣ እንደ ልማዱ እየሮጠ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ተሸክሟት ወጣ። መንገድ ላይ ያዩት ሴቶች፣ «ወይ መታደል! እንዴት ያለ ባል ነው!» አሉ። ተኳሿ ይህን በጆሮዋ ሰምታለች። ከስብራቱ ይልቅ ያንገበገባት ይኸው ነው። የጣላት እሱ፣ የተመሰገነውም እሱ! ደግሞም እስከ ዛሬ «አጥፍቻለሁ» የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም።

ሐኪሙ ጀሶው እስኪፈታ እግሯን መሬት እንዳታስነካ አስጠነቀቃት። ባልየውም ደረቱን ነፍቶ፣ «አንቺ ዕረፊ፣ ጓሮው የኔ ነው» አላት። እሷን ያስፈራት የመጀመሪያው ቃል ሳይሆን ሁለተኛው ነው።

እንደ ፈራችውም ሆነ። ቅጠል በጠወለገ ቁጥር ደወል የተደወለ ይመስል ይነሣል። ጠዋት ያጠጣል፣ ቀትር ያጠጣል፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ «ለሌሊቱ» ብሎ ያጠጣል። ገና የወጡ እንቡጥ ፍሬዎች ቢጫ እየሆኑ ረገፉ። ቅጠሎቹ ላይ እንደ ዝገት ያለ ነጠብጣብ ወጣባቸው። እሷ በመስኮት ስትጮህበት አንድ ቀን መጣና መስኮቱን ከውጭ ገፍቶ ዘጋባት።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«ነፋስ እንዳይመታሽ ነው፣ እመቤቴ» አላት ከመስታወቱ ወዲያ።

ያን ዕለት ከንዴቷ የተነሣ ምሳዋን አልቀመሰችም።

ቅዳሜ ልጃቸው መጣች። ፀጉር ቤት የምትሠራ፣ ፈጣን፣ ሁሉን ነገር በሳቅ ማለፍ የምትወድ ልጅ ናት። እናቷ ብሶቷን ዘርግታ ነገረቻት።

«እማዬ ደግሞ፣ ለዱባ ነው ይሄ ሁሉ? አባዬ እኮ ላንቺ ብሎ ነው የሚለፋው። ዱባ ገበያው ሞልቶት!»

«ገበያ ያለው የገበያ ዱባ ነው።»

«ዱባ ዱባ ነው።»

«እንግዲያስ እናትም እናት ናት። ሂጂና ገበያ ላይ ሌላ ግዢ!»

ልጅቷ ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቀችም። ልጅቷም ሳቋን ሰብስባ ወደ አባቷ ወጣች። ከበረንዳው የሁለቱ ሹክሹክታ ተሰማ፤ ከዚያም «አመል ነው፣ ታውቃታለህ አይደል?» የሚለው ቃል። ተኳሿ ጥርሷን ነከሰች።

የተረዳቻት ጎረቤቷ ዳቦ ሻጯ ናት። ዳቦ ቤቱን ዘግታ ስትመለስ በአጥሩ በኩል ገብታ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?»

«እንደ ተጣለ ዕቃ። ስሚ፣ ወደ ጓሮ ውጪና ጣትሽን ከየዱባው ሥር እየሰደድሽ ያየሽውን ንገሪኝ። ደግሞ አታድበስብሺልኝ።»

ዳቦ ሻጯ ዱቄት የነካው ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ስትመለስ ጣቷን ከፊቷ አርቃ ይዛ፣ አፍንጫዋን ጨምድዳ ነበር።

«እትዬ፣ ጭቃ ነው። ሽታውም የኩሬ ነው። የአንደኛውን ግንድ ስነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠብኝ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹም ከሱ አይሻሉም። ብቻ ያ ጥግ ላይ ያለው፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ እሱ ደኅና ነው። ግንዱ ጠንካራ ነው፤ ቡጢ የምታህል ፍሬም ይዟል።»

ተኳሿ ከትራሷ ቀና አለች። «ጥግ ያለው? እሱ ለምን ዳነ?»

«ጋሼ ቱቧቸው እዚያ አይደርስም መሰለኝ። ከሩቅ ሲረጩት ካፊያው ብቻ ነው የሚነካው።» ዳቦ ሻጯ ትንሽ አመነታች። «ግን እትዬ... አሁን ስመጣ በር ላይ አግኝቻቸው ነበር። የቱቦ መቀጠያ ሊገዙ ወደ ሱቅ እየሄዱ ነው። ‹ያ ጥግ ላይ ያለው ተበደለ፣ ላደርስለት ነው› አሉኝ።»

 ተኳሿ የጎረቤቷን ፊት አየች፣ መስኮቱን አየች።

«እሺ የኔ እመቤት፣ ተባረኪ። አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለቻት በለሰለሰ ድምፅ።

ዳቦ ሻጯ እንደ ወጣች ተኳሿ እግሯን በሁለት እጇ አንሥታ ከአልጋ አወረደች። ላብ ግንባሯን አጠመቀው። ክራንቾቿን ብብቷ ሥር ወትፋ፣ ከመሳቢያው ትልቁን የጨርቅ መቀሷን አውጥታ ጥርሷ መካከል ነክሳ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ጓሮ ወጣች። ቱቦው እንደ ጠገበ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጀሶዋን ዘርግታ አጠገቡ ተቀመጠች።

ሸራው ጠንካራ ነበር። መቀሱ አልገባም አላት። ጫፉን ወግታ አስገብታ እየፈለቀቀች፣ እየገዘገዘች ቆረጠችው። እጇ ተላጠ። አላቆመችም። የላውንደሪውን አለቃ፣ በመንገድ ላይ «ወይ መታደል» ያሉትን ሴቶች፣ የተዘጋውን መስኮት፣ ሁሉንም እየቆረጠች ያለች ይመስል ነበር። ባልየው መቀጠያውን ይዞ ሲመለስ ቱቦው ክንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ሆኖ፣ እሷ መካከሉ ተቀምጣ ነበር።

ባልየው መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን አደረግሽ?»

«እንደምታየው።»

«ይሄ ቱቦ... ይሄ ቱቦ ስንት ነፍስ እንዳዳነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። የሰበረውን ግን አውቃለሁ፤ ይኸውልህ!» ጀሶዋን በመቀሱ እጀታ አንኳኳችው። «የገደለውንም አውቃለሁ። ሂድና የዱባዎቹን ግንድ ንካ። በእጅህ ንካው!»

«እኔ ጠልቼሽ ነው የማጠጣው? ተኝተሽ እንዳይደርቅብሽ ብዬ አይደለም? ጉልበቴ እስኪዝል!»

«አንድ ቀን ጠይቀኸኛል? አንድ ቀን፣ ‹እንዴት ነው የሚጠጣው?› ብለኸኛል?»

«ውሃ ማጠጣት ደግሞ ምን ጥያቄ አለው!»

«እሱ ነው በሽታህ! ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አሉ። አንተን ግን መከራም አልመከረህ፤ መከራው እኔ ላይ ነው የሚወድቀው!»

ባልየው መቀጠያውን መሬት ላይ ወረወረው።  «በቃ! ከዛሬ ጀምሮ ከኔ እጅ ጠብታ አይወርድም። ራስሽ አጠጪው! ራስሽ!»

«ተመስገን!» አለችው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የዲዳ ቤት ሆነ። ምግብ ያመጣላታል፣ ያስቀምጣል፣ ይወጣል። ክራንቿ ከእጇ ቢወድቅ ያነሣላታል፤ ግን ቃል የለም። ቁራጮቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ዕቃ ቤት አስገባቸው። እሷም አየችው። ሆድ ይፍጀው።

መጀመሪያ ላይ ተኳሿ ደስ አላት። መሬቱ ዐረፈ፣ ሽታው ጠፋ፣ ጥግ ላይ ያለው ዱባ አዲስ ቅጠል አወጣ። የቀሩት ግን አልተነሡም፤ አንድ በአንድ ተኝተው ቀሩ። ከዚያ ፀሐይዋ በረታች። ዝናብ የለም። መሬቱ ዳር ዳሩን መሰንጠቅ ጀመረ። ጥግ ላይ ያለው ሐረግ ከአልጋዋ ሲታይ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። እሷም ዓይኗን ከዚያች ጫፍ ላይ አልነቀለችም። ቀትር ላይ ትጠወልጋለች፣ ሲመሽ ትነሣለች። ይሄ ደኅና ነው። አንድ ቀን ግን ሲነጋ ስታያት ጫፏ እንደ ተደፋች ነበረች። ሌሊቱ ያላነሣውን ቅጠል ፀሐይ አያነሣውም። አሁን እውነትም ጠምቶታል።

ባልየውም በረንዳው ላይ ሆኖ ያንኑ ያያል። ጋዜጣ ይዟል፤ ግን ገጹን አይገልጥም። ጉልበቱ ብቻ ይዘላል። ተኳሿ በመስኮቱ በኩል ይህን አይታለች። ለምን አይለምናትም? ለምን አትለምነውም? 

ዳቦ ሻጯ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እናንተ ግን ዱባው እስኪደርቅ አኩርፋችሁ ልትቀመጡ ነው? እትዬ፣ እኔ ማታ መጥቼ ላጠጣልዎት።»

«ማታ አይሆንም፤ ቅጠሉ ሌሊቱን እርጥብ ያድራል። ጠዋት ደግሞ አንቺ ዳቦ ቤት ነሽ። ተይው።»

«ታዲያ ይደርቅ?»

«አይደርቅም» አለች ተኳሿ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከአልጋዋ ወረደች። ጆግ ሞልታ፣ በአንድ እጇ ይዛ፣ በክራንች ልትሄድ ሞከረች፤ ግማሹ እግሯ ላይ ፈሰሰ። መሬት ላይ ተቀመጠች። በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች፣ ጆጉን ወደፊት አስቀምጣ ራሷን እየጎተተች፣ ደግማ አስቀምጣ ደግማ እየጎተተች፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ደረሰች። ፍሬው ጭንቅላት ያህላል፤ ቆዳው ግን ልስልስነቱን አጥቶ ነበር። ውሃውን ቦዩ ውስጥ አንቆረቆረችው። መሬቱ እንደ አሸዋ ጠጣው። አንድ ጆግ ለዚህ ምኑ ነው? ዞራ ወደ ቧንቧው መንፏቀቅ ጀመረች።

ባልየው በካልሲው በረንዳው ላይ ቆሟል።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?» አላት። ቱቦው ከተቆረጠ ወዲህ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ሐኪሙ ዱባ የለውም።»

«ተነሺ።»

«አልነሣም። ሂድ ጋዜጣህን አንብብ።»

ባልየው ወደ ቤት ገባ። እሷም፣ «ሂድ! የት አባትህ!» ብላ መንፏቀቋን ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ ጫማውን አድርጎ፣ ባልዲ ሞልቶ መጣ። አጠገቧ ቆመ። ባልዲውን አላፈሰሰም፣ አላስቀመጠም። 

«የት ላይ ነው?» አለ በመጨረሻ።

ተኳሿ ቀና ብላ አየችው። ልቧ ይለሰልሳል ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል።

«አሁን ጠየቅህ? ሁሉም ካለቀ በኋላ አሁን ጠየቅህ?»

«ጠየቅኩ እኮ! ንገሪኝ!»

«በመጀመሪያ ጣትህን ስደድ።»

ጎንበስ ብሎ ጫፉን ነካ አደረገው። «ደረቅ ነው።»

«ወደ ታች! አቧራ ንካ አላልኩህም። እስከ አንጓህ!»

ሰደደው። ግንባሩን ቋጠረ። «ከታችም ደረቅ ነው።»

«እንግዲያው አሁን አፍስስ። ግንዱ ላይ አይደለም፤ ቦዩ ውስጥ። ቅጠሉን አትንካ። ቀስ! ቀስ በል እንጂ! ሮጦ ሄደ እኮ፣ አየኸው? መሬቱ ይዋጠው፣ ከዚያ ጨምርለት።»

ያ ትልቅ ሰው፣ ሲያጓራ የነበረ ቱቦ በሁለት እጁ የሚገታ ሰው፣ ባልዲ ዘንበል አድርጎ መያዝ አቃተው።  ውሃ መልቀቅ ያውቃል፤ ውሃ መያዝ ግን አልተማረም። ላብ በጆሮው ሥር ወረደ። እሷ ከመሬት ሆና በክራንቿ ጫፍ እየጠቆመች ታዝዘዋለች፤ እሱም እየተነጫነጨ ይታዘዛል። ባልዲውን ሞልቶ ተመለሰ፣ ደግሞ ሞልቶ ተመለሰ፣ አፈሩ ጠግቦ ውሃውን ላዩ ላይ እስኪያቆየው ድረስ።

«ይበቃዋል» አለች።

ባልየው ባዶውን ባልዲ እንደ ያዘ፣ ዓይኑን ከቦዩ ሳያነሣ፣ «ያን ቀን ደረጃውን ማጠብ አልነበረብኝም» አለ።

«አልነበረብህም» አለችው።

 በክንዱ ደግፎ አስነሥቶ ወደ ቤት አስገባት፤ ሳይሮጥ።

ቀትር ላይ ቅጠሉ ጠወለገ። ባልየው እንደ ጅራፍ ተነሣ። ባልዲውን ያዘ። ከዚያ ወደ መስኮቱ መጣ፤ ፊቱ የጨነቀው ሰው ፊት ነበር።

«ተደፍቷል» አላት።

«አውቃለሁ። ጣትህን ሰድደሃል?»

«እርጥብ ነው።»

«ታዲያ ምን ሊደረግለት ነው? ባልዲውን አስቀምጥና ግባ።»

ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ ደግሞ አነሣው። ሁለቱም በመስኮቱ ያንን ጫፍ ያያሉ። ሊነሣ ቃጣ፤ «ቁጭ በል!» አለችው። ተቀመጠ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል፣ የዕቃ ቤቱ ጥላ ሐረጉ ላይ እስኪያርፍ ድረስ እንዲሁ ቆዩ። ከዚያም ቅጠሉ፣ ማንም ሳይነካው፣ ክንዱን እንደሚዘረጋ ሰው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

 እሷ ልትናገር የምትችለው ብዙ ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የዛሬው ይበቃዋል ብላ ዋጠችው።

ጀሶው ተፈታ። ተኳሿ እያነከሰች ጓሮዋ ወጣች። ጥግ ላይ ያለው ዱባ ቆዳው አመድማ እስኪሆን፣ የፍሬው ዘንግ እስኪደርቅ፣ ጥፍር እስከማይበሳው ድረስ አቆየችው። በየማለዳው ባልየው ጣቱን ይሰዳል፤ መጥቶ፣ «እርጥብ ነው» ወይም «ደረቅ ነው» ይላታል፤ እሷም አላምን ብላ ራሷ ሄዳ ጣቷን ትሰዳለች። በዚህ ሁልጊዜ ይናደዳል። «አይቼዋለሁ እኮ!» ይላል። «እኔ አላየሁትም» ትለዋለች።

የቆረጡት ዕለት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፋ በትልቅ ቢላዋ ከሁለት ከፈለችው። ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል ነበር። ዘሩን በማንኪያ ጠርጋ አውጥታ፣ አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ አንድ በአንድ በጥፍሯ መካከል ትጫነው ጀመር። ገለባ የሆነው ይሰምጣል፤ ሙሉው እንቢ ይላል። ገለባው በዛ። ንቦቹ በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል ደኅና አድርገው አልጎበኙትም ነበርና።  ከዚያ አንድ ሙሉ አገኘች። ቀጥሎ ሌላ። ቀስ በቀስ በጨርቁ ላይ እፍኝ የሚሆን ሙሉ ዘር ተሰበሰበ።

«ይኼ ለዳቦ ሻጯ ነው» አለች ከእፍኙ ላይ ቆንጥራ ወደ ጎን አድርጋ። «ይኼ ደግሞ ለልጅህ። በቆርቆሮ ውስጥ ብትተክለውም ትትከለው። ሁሉንም አንድ ቤት አላስቀምጥም ከእንግዲህ።»

ባልየው ባልዲውን አጥቦ ከውጭ እየገባ ነበር። ጎንበስ ብሎ ከሙሉዎቹ አንዷን ሊነካ እጁን ዘረጋ።

«እጅህ እርጥብ ነው!» ብላ መዳፉን መታችው።

ባልየው እጁን ሰብስቦ ሱሪው ላይ አበሰው፤ ውስጡንም ጀርባውንም። ከዚያ መዳፉን ገልብጦ አሳያት። ተኳሿ በጥርጣሬ አየችው፣ በጣቷም ዳሰሰችው። ገለባ የሆኑትን ለይቶ እንዲጥል ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። ሙሉዎቹን ግን ወደ ራሷ ሳበች።